እግር ጠለፋ ለሚማር ጁዶኛ

ልጄ፣ ዓይንህ በትከሻና በወገብ በሚጣሉት ጥሎች ላይ እንደሆነ አውቃለሁ። እኔ ግን ከእግር ጠለፋ ጀምር እልሃለሁ። ካኖ ጂጎሮ እ.ኤ.አ. በ1882 ቶኪዮ ላይ የመሠረተው ኮዶካን በ1920 አሻሽሎ ባወጣው ዝርዝር 40 የአጣጣል ስልቶች በ5 ምድብ ተከፍለዋል፤ ከሁሉም ቀድሞ የተጻፈው ዴ አሺ ሃራይ የተባለው ጠለፋ ነው።

1. አስቀድመህ መውደቅ ልመድ። ኡኬሚ ይባላል። ጠለፋ ድንገተኛ ስለሆነ ለማሰብ ጊዜ አይሰጥም። አገጭህን ወደ ደረትህ ሰብስብ፣ ምንጣፉን በሙሉ ክንድህ ምታ። በመዳፍህ መሬት ልደገፍ ካልክ አንጓህ ይጎዳል።

2. ስሞቹን ከነፍቻቸው ያዝ። አሺ እግር ነው፤ ሃራይ መጥረግ፣ ጋሪ ማጨድ፣ ሳሳኤ መደገፍ። የምነግርህ ለቀበቶ ፈተና ብለህ እንድትሸመድዳቸው አይደለም። የሰውየው ክብደት የት እንዳለ የሚነግሩህ እነሱ ናቸው። ሃራይ ከተባለ እግሩ ገና ክብደት አልተሸከመም ወይም ሊለቀው ነው። ጋሪ ከተባለ ክብደት ያረፈበትን እግር ነው የምታጭደው፤ ኮሶቶ ጋሪ ከውጭ በኩል፣ ኮኡቺ ጋሪ ከውስጥ በኩል። በሳሳኤ ትሱሪኮሚ አሺ ግን ቁርጭምጭሚቱን በውስጥ እግርህ አግደህ ትይዛለህ እንጂ አትጠርግም፤ የሚጥለው የእጅህ ስበት ነው። ሃራይን ባራይ ሲሉት ብትሰማ ያው እሱ ነው፣ አትደናገር።

3. በዴ አሺ ሃራይ ቅጽበቷን ጠብቅ። ኡኬ፣ ማለትም የሚጣለው ጓደኛህ፣ ቀኝ እግሩን ወደ ፊት አራመደ እንበል። እግሩ ምንጣፉን ነክቶ ክብደቱ ሳያርፍበት በግራ ውስጥ እግርህ ከቁርጭምጭሚቱ ዝቅ ብለህ በውጭ በኩል ጥረገው። በዚያው ቅጽበት እጅጌውን የያዘው ግራ እጅህ ወደ ታች ይሳብ። ከቀደምክ እግሩን መልሶ ያሳርፋል፤ ከዘገየህ አጥንት ለአጥንት ትጋጫላችሁ። በልኩ ከደረስክ ግን በጨለማ ደረጃ አለ ብሎ ባዶ እንደረገጠ ሰው ይሄዳል፤ አንተም ጉልበት ያወጣህ አይመስልህም። የዚህ ጥል ውበት ለእኔ እዚህ ላይ ነው፣ ከየትኛውም የትከሻ ጥል አስበልጬ የምወደውም ለዚህ ነው።

4. አትርገጥ። ውስጥ እግርህን ወደ ውስጥ አዙር፣ የትንሿ ጣትህ ጠርዝ ምንጣፉን እየታከከ ይሂድ፣ ወገብህም ይከተል። በአገዳው ላይ የሚማታ ልጅ ጓደኛ ያጣል።

5. ኦኩሪ አሺ ሃራይን ወደ ጎን እየሄዳችሁ ተለማመዱ። ሁለቱ እግሮቹ ሲቀራረቡ አንዱን ወደ ሌላው ጠርገህ አብረው እንዲነሱ ታደርጋለህ። ቆሞ የሚጠብቅህን ሰው ስትመታ ብትውል አትማረውም። በአዳራሹ ርዝመት በዝግታ፣ በአንድ ምት ተመላለሱ።

6. ትሱባሜ ጋኤሺ፣ የጠረገህን እግር በጉልበትህ እጥፋት አሳልፈህ መልሰህ መጥረግ፣ ለጊዜው ይቆይህ። እስከዚያው የሚፉኔ ክዩዞን የድሮ ፊልም ፈልገህ እይ። 10ኛ ዳን የደረሰ፣ ቁመቱም ክብደቱም አነስተኛ የሆነ ሰው ነው። እግሩን ከማየትህ በፊት አረማመዱን እይ፤ ምንጣፉ ላይ እየተንሸራተተ ነው የሚሄደው። ሱሪ አሺ የሚሉት ይህንን ነው።

7. ጓደኛህ ሲወድቅ እጅጌውን አትልቀቅ። ወደ ላይ ሳብ አድርገህ ያዝለት፣ በጎኑ እንዲያርፍና ጭንቅላቱ እንዳይመታ። ሲነሳ ደግሞ ተራው የእሱ ነው።