ትምህርት አሥራ ሁለት፦ ታች ሱቅ፥ ላይ ቤት

ሀ. መግቢያ

ገላጭ ድርሰት፥ አንድን ነገር ወይም ሥፍራ ያላየ አንባቢ እንዳየው ያህል እንዲያውቀው የሚያደርግ የድርሰት ዓይነት ነው። ብዙ ተማሪዎች ስለ አንድ ቤት ጻፉ ሲባሉ «ቤቱ ትልቅና የሚያምር ነው» ብለው ይጨርሳሉ። ይህ መፍረድ እንጂ መግለጥ አይደለም። አንባቢው የጸሐፊውን ስሜት እንጂ ቤቱን አያገኝም። እንግዲህ የሚከተለውን ምንባብ ስታነቡ፥ ጸሐፊው ከየት ተነሥቶ ወዴት እንደ ሄደና ምንን ከምን ጋር እንዳነጻጸረ አስተውሉ።

ለ. ምንባብ

ጥንታዊቷ ሐረር በግንብ የታጠረች ከተማ ናት። ጀጎል የሚባለው ይህ ግንብ አምስት ጥንታውያን በሮች አሉት። በውስጡ ያለችውም ከተማ እ.ኤ.አ. በ2006 በዓለም ቅርስነት ተመዝግባለች። ከፈረስ መጋላ አደባባይ ተነሥተን ወደ ግድር መጋላ፥ ማለትም ወደ ትልቁ ገበያ፥ ስናመራ «መኪና ግርግር» የተባለውን ጠባብ መንገድ እናገኛለን። መንገዱ ይህን ስም ያገኘው ከልብስ ስፌት መኪና ድምፅ ነው። ልብስ ሰፊዎቹ በየደጁ ተቀምጠው ይሰፋሉና፥ መንገዱ ራሱ የሥራ ቤት ይመስላል።

በዚህች ከተማ ሁለት ዓይነት ታሪካውያን ቤቶች ጎን ለጎን ቆመዋል። አንደኛው የሐረሪዎች ጥንታዊ የድንጋይ ቤት ነው። ይህ ቤት ለመንገዱ የሚያሳየው ከፍ ያለ ግንብና አንድ በር ብቻ ሲሆን፥ ፊቱን ያዞረው ወደ ውስጥ፥ ወደ ግቢው ነው። በዋናው ክፍል ከፍታቸው የተለያየ መደቦች አሉ፤ ሰው ሁሉ እንደ ዕድሜውና እንደ ማዕርጉ ይቀመጥባቸዋል። ግድግዳው በስፌትና በሳሕን ያጌጠ ነው።

ሁለተኛው በ1879 ዓ.ም. ንጉሥ ምኒልክ ሐረርን ከያዙ በኋላ የገቡ ሕንዳውያን ነጋዴዎች ያስገቡት አሠራር ነው። ይህ ቤት በአንጻሩ ባለ አንድ ፎቅ ሆኖ፥ የእንጨት በረንዳው ወደ መንገዱ ወይም ወደ ግቢው ይመለከታል። የሐረሪው ቤት ቤተሰቡን ከገበያ ይሰውራል፤ የሕንዱ ነጋዴ ቤት ግን ገበያን ወደ ደጁ ይጠራል። ምድር ቤቱ ሱቅ በሆነ ጊዜ ፎቁ መኖሪያ ይሆናል። ባለቤቱ ወደ ሥራው ለመሄድ ደረጃ መውረድ ብቻ ይበቃዋል። ሌሊት ከሸቀጡ በላይ ስለሚተኛ ዘበኛም እርሱ ራሱ ነው። በረንዳው ጥላ ይሰጣል፥ ነፋስ ያስገባል፥ ገበያተኛውንም ከላይ ያሳያል።

ከእነዚህ ቤቶች በስም የታወቀው «የራምቦ ቤት» ነው። ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርተር ራምቦ እ.ኤ.አ. ከ1880 እስከ 1891 ድረስ በየጊዜው ወደ ሐረር እየመጣ ነግዷል። ነገር ግን ዛሬ በስሙ የሚጠራውን ቤት እርሱ ከሞተ በኋላ ያሠራው አንድ ሕንዳዊ ነጋዴ ነው። ስለዚህ ስሙ የባለቅኔው፥ እጁ ግን የነጋዴው ነው።

የእንዲህ ያለ ቤት ጠላቱ ዝናብና ምስጥ ብቻ አይደለም፤ ባዶነትም ጭምር ነው። ሰው የሚኖርበት ጣሪያ ሲያፈስ በዚያው ሌሊት ይታወቃል፤ የተዘጋው ግን እስኪወድቅ ድረስ የሚያየው የለም። ሱቁ ገቢ ካለው የመጠገኛው ገንዘብ ከዚያው ይገኛል። ይሁን እንጂ ሥራም ቤትን ያፈርሳል። ባለሱቁ ደጁን ለማስፋት ግድግዳ ይሰብራል፤ የበሰበሰውን የእንጨት በረንዳ በሲሚንቶ ይተካል። እርሱን ብቻ መውቀስም አይገባም፤ ልጆቹን የሚያሳድገው በዚያችው ደጅ ነውና። ጥያቄው ቤቱ ይጠበቅ ወይስ ይሠራበት የሚል አይደለም። እየተሠራበት እንዴት ይጠበቅ የሚለው ነው።

ሐ. ማብራሪያ

1. ቅደም ተከተል። ጸሐፊው ከግንቡ ወደ መንገዱ፥ ከመንገዱ ወደ ቤቱ፥ ከምድር ቤቱ ወደ ፎቁ ሄዷል። ፎቁን አስቀድሞ ግንቡን ቢያስከትል አንባቢው መንገድ ይጠፋበት ነበር።

2. የማነጻጸሪያ ቃላት። «ሲሆን»፥ «ግን»፥ «በአንጻሩ»፥ «ይሁን እንጂ» የተባሉት ቃላት የሚለያዩ ነገሮችን ያገናኛሉ። «እንጂ» ብቻውን ሲገባ ግን አንዱን አጽንቶ ሌላውን ያፈርሳል፦ «ቤቱ መኖሪያ እንጂ መጋዘን አይደለም»። «ግን» በአንጻሩ ሁለቱንም ሳያፈርስ ያለያያል፦ «ቤቱ ጠባብ ነው፤ ግን ለቤተሰቡ ይበቃል»።

3. ወሬንና እውነትን መለየት። «የራምቦ ቤት» የሚለው ስም ምን ያህል እንደሚያሳስት አይታችኋል። ገላጭ ድርሰት የምትጽፉ ሁሉ፥ ሰው የሚለውን ከተረጋገጠው ለዩ።

መ. መልመጃ

1. በምንባቡ ውስጥ «ግን» የገባባቸውን ዐረፍተ ነገሮች አውጥታችሁ፥ ምንና ምን እንደሚያነጻጽሩ አስረዱ።

2. የሚከተሉትን በተስማሚ ቃል አገናኙ። (ሀ) በረንዳው አርጅቷል። በረንዳው አልወደቀም። (ለ) ምድር ቤቱ ሱቅ ነው። ፎቁ መኖሪያ ነው።

3. በምትኖሩበት ከተማ መኻል ሰው የሚኖርበትና የሚሠራበት አንድ አሮጌ ቤት ምረጡ። ባለቤቱን አስፈቅዳችሁ ጎብኙት፤ ማን እንዳሠራው፥ ምኑ እንደ ተለወጠና ለምን እንደ ተለወጠ ጠይቁ። ከዚያም በሦስት አንቀጽ ድርሰት ጻፉ። በመጨረሻው አንቀጽ፥ ባለቤቱን ኑሮውን ሳታሳጡ ቤቱን እንዴት እንደምትጠብቁ አሳዩ። «ያምራል» የሚለውን ቃል አትጠቀሙ፤ ያማረው ነገር በመግለጫችሁ ራሱ ይታይ።