ፊርማ የሌለው ሥዕል የማን እጅ ነው?

ባለፈው ዓመት በጥቅምት ወር እኛ አምስት የታሪክና የቋንቋ ተማሪዎች ከኪሳችን አዋጥተን፣ በመርካቶ አሮጌ ዕቃ ከሚሸጥበት ሥፍራ አንድ ሥዕል ገዛን። ሥዕሉ በጨርቅ ላይ የተሣለ ቅዱስ ጊዮርጊስ ነው፤ በነጭ ፈረስ ተቀምጦ ዘንዶውን በጦር ሲወጋ፣ ቤሩታዊትም ከዛፍ ላይ ሆና ስትመለከት ያሳያል። ቁመቱ 94፣ ወርዱ 71 ሳንቲ ሜትር ሲሆን፣ በመስተዋትና በርካሽ የእንጨት ክፈፍ ተይዟል። የሠዓሊ ስም አልተጻፈበትም። ባለሱቁ ግን «ልጆቼ፣ ይህ እኮ የእቴጌ ምንትዋብ ቤተ መንግሥት ሠዓሊ የሠራው ነው» ብሎ ማለልን። እኛም ግማሹን አመንን፤ የቀረውን ግማሽ ደግሞ ለማመን ፈለግን።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ፣ ስም የሌለው ሥዕል የማን እንደ ሆነ ለማወቅ በምን በምን መንገድ እንደሚመረመር፣ እኛ የሠራነውን ስሕተት ሳንደብቅ ለጓደኞቻችን ማስረዳት ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ ሊታወቅ የሚገባው ነገር፣ በአገራችን የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ላይ ፊርማ መፈለግ ከልማዱ ውጭ መሆኑን ነው። በሥዕሉ ላይ የሰው ስም ከተጻፈ አብዛኛውን ጊዜ የሚጻፈው ያሠራው ሰው ስም ነው። አሠሪው ከቅዱሱ እግር ሥር ተደፍቶ ወይም እጁን ዘርግቶ ይሣላል፤ ከአጠገቡም መማፀኑን የሚገልጽ ቃል ይጻፍለታል። ሠዓሊው ግን ዋጋውን ተቀብሎ ይሄዳል። ከዚህ ልማድ የወጡት ጥቂቶች ናቸው። ከእነርሱም አንዱ ፍሬ ጽዮን ነው፤ በጣና ሐይቅ በዳጋ እስጢፋኖስ ገዳም በሚገኝ የእመቤታችን ሥዕል ላይ ስሙ ተጽፎ ተገኝቷል። የሠራበትም ጊዜ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1434 እስከ 1468 የነገሡት የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን ነው። ሌላው በአገራችን መርቆሬዎስ ተብሎ የተጠራው የቬኒስ ሰው ኒኮሎ ብራንካሌዎን ሲሆን፣ እርሱም በአንዳንድ ሥራዎቹ ላይ ስሙን ጽፏል።

እነዚህ ጥቂት ፊርማዎች ለጥናት ያላቸው ዋጋ እጅግ ከፍ ያለ ነው። ማሪሊን ሄልድማን የተባሉት አሜሪካዊት ሊቅ በ1994 ባሳተሙት መጽሐፍ፣ ስሙ ከተገኘበት ከዚያ ከፍሬ ጽዮን ሥዕል ተነሥተው፣ ስም የሌላቸውን ሌሎች የእመቤታችን ሥዕሎች ለእርሱና ለተከታዮቹ ሰጥተዋል። እንግዲህ የሥራው ሥርዓት ይህ ነው፤ በመጀመሪያ አንድ የታወቀ ሥራ ይያዛል፤ ከዚያ በኋላ ያልታወቀው ከታወቀው ጋር ይነጻጸራል። የታወቀ ሥራ ከሌለ ንጽጽሩ መነሻ የለውም። ይህን ነገር በቃል እናውቀው ነበር፤ በተግባር ግን ረሳነው።

የንጽጽሩን ዘዴ የወሰድነው ከኢጣሊያዊው ከጆቫኒ ሞሬሊ ነው። ሞሬሊ የሕክምና ትምህርት የተማረ ሰው ነበር፤ ጽሑፎቹንም ከ1874 ጀምሮ ሩሲያዊ በሚመስል የብዕር ስም ያወጣ ነበር። የእርሱ አሳብ እንዲህ ነው። ሠዓሊ ፊትን፣ አቋምንና የልብሱን አጣጣል ሲሠራ ይጠነቀቃል፤ ከመምህሩ የተማረውንም ይከተላል። ጆሮንና ጥፍርን ግን ሳያስብ በለመደ እጁ ይሥላቸዋል። ስለዚህ ሠዓሊውን የሚያጋልጡት እነዚህ የተናቁ ቦታዎች ናቸው። አንድ ሰው የጓደኛውን የእጅ ጽሕፈት በፊደሉ ጅራት እንደሚለየው ማለት ነው።

በዚህ መሠረት ሁለት ወር ያህል ጣትና ጆሮ ስንለካ ከረምን። በኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ቤተ መዘክር ያሉትን ሥዕሎችና በመጻሕፍት የታተሙትን ፎቶግራፎች እየተመለከትን፣ አንድ ሙሉ ደብተር በእጆችና በፈረስ ዓይኖች ሞላን። (የደብተሩ ባለቤት የፈተና ማስታወሻው በዚያው ውስጥ ስለ ነበር እስከ ዛሬ ይወቅሰናል።) የእኛ ቅዱስ ጊዮርጊስ ጦሩን በሚይዝበት እጅ አውራ ጣቱ ከሌሎቹ ጣቶች ይረዝማል፤ የፈረሱም የላይኛው የዓይን ሽፋን በሁለት መስመር ተሠርቷል። እነዚህን ሁለት ምልክቶች ይዘን በብዙ ድካም አንድ ተመሳሳይ ሥዕል አገኘን። ደስታችን ልክ አልነበረውም። የሥዕሉን መግለጫ ስናነብ ግን «ሠዓሊው ያልታወቀ» ይላል።

ቢሆንም የባለሱቁ መሐላ ከጆሯችን አልጠፋም ነበር። በእቴጌ ምንትዋብና በልጃቸው በዳግማዊ ኢያሱ ዘመን የነበረው፣ ሊቃውንት ሁለተኛው የጎንደር አሣሣል የሚሉት ስልት የታወቀ ምልክት አለው። ፊቶች በቀይ ቀለም ጥላ ይሰጣቸዋል፤ ልብሶች አበባና ጥልፍ ይበዛባቸዋል፤ ከበስተ ኋላ ያለው መደብ ከአንድ ቀለም ወደ ሌላ ቀስ እያለ ይለወጣል። በእኛ ሥዕል ሦስቱም ስላሉ «ይኸው!» አልን። ይሁን እንጂ ደቀ መዝሙር የመምህሩን ንድፍ ገልብጦ እንደሚሠራ፣ የእርሱም ደቀ መዝሙር እንዲሁ እንደሚያደርግ መዘንጋት አይገባም። ስልት ሠሪው ከሞተ በኋላ መቶ ዓመት ሊኖር ይችላል።

ከዚህ ስሕተት ያወጣን በኬሚስትሪ ትምህርት ክፍል የሚማር ጓደኛችን ነው። በክፈፉ ውስጥ ተሰንጥቆ የወደቀ የሰማያዊ ቀለም ቅርፊት አግኝተን ሰጠነው። እርሱም በማጉያ መነጽር ተመልክቶ የቀለሙ ደቃቅ ቅንጣቶች ሁሉ እኩል መሆናቸውን አየ፤ ከዚያም አንድ ጠብታ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ አደረገበት። ሰማያዊነቱ ጠፋ፤ የተበላሸ ዕንቁላል የመሰለ ሽታም ወጣ። ይህ የአልትራማሪን ምልክት ነው። አልትራማሪን ከጥንት ጀምሮ ከውድ ድንጋይ ተፈጭቶ ይገኝ ነበር፤ የተፈጥሮው ግን ቅንጣቱ ትልቅና ትንሽ የተቀላቀለበት ነው። እኩልና ደቃቅ የሆነው በፋብሪካ የሚሠራው ሲሆን፣ የሚሠራበትም ዘዴ በፈረንሳይ አገር በጊሜ የተገኘው በ1828 ነው። ምናልባት ሰማያዊው በኋላ ለማደስ የተቀባ ይሆን ብለን መረመርን፤ ነገር ግን የኮርቻው ቀይ መስመር በሰማያዊው ላይ ያልፋል እንጂ ሰማያዊው በቀዩ ላይ አያልፍም። እቴጌ ምንትዋብ ደግሞ ያረፉት ከ1828 ብዙ አስቀድሞ ነው። መሐላው በአንድ ጠብታ ፈረሰ። (ይህን ሙከራ በሥዕሉ ገጽ ላይ እንዳትሞክሩት አደራ እንላለን፤ የወደቀ ቅርፊት ካልተገኘ ይቅር።)

በዚህ መካከል ወሬውን የሰማ አንድ ገዢ መጣ። ከከፈልነው አራት እጥፍ እንደሚሰጠን ነገረን፤ የፈለገው ሥዕሉ የአንድ ስሙ የታወቀ ሠዓሊ ሥራ ነው የሚል ወረቀት እንድንፈርምለት ብቻ ነበር። «የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ስለ ሆናችሁ ቃላችሁ ይበቃል» አለን። እውነቱን ለመናገር፣ ወዲያው እምቢ አላልንም። የወሩ መጨረሻ ነበር። ሁለት ሌሊት ከተከራከርንበት በኋላ፣ ከመካከላችን አንዱ ሥዕልን የሚያውቁ አንድ አረጋዊ ቄስ ዘንድ ሄደን እንድንጠይቅ አሳሰበ።

ቄሱ ሥዕሉን ተሳልመው ጥቂት ተመለከቱት። ስለ ጣትና ስለ ጆሮ የነገርናቸውንም በትዕግሥት ሰሙ። በመጨረሻ «ከመስተዋቱ አውጡልኝ» አሉን። ስናወጣው ገልብጠው ጀርባውን አዩ፤ ወደ አፍንጫቸውም አስጠጉት። «ልጆቼ፣ ይህ እኮ ዕጣን ይሸታል» አሉ።

በእነዚያ ሁለት ወሮች ውስጥ ጀርባውን አንድ ጊዜ እንኳ አላየነውም ነበር። በጨርቁ ጀርባ የደረቀ ጭቃ ከነጭዱ ተጣብቆበታል። በአገራችን የቤተ መቅደስ ግድግዳ ሥዕል ብዙ ጊዜ በጥጥ ጨርቅ ላይ ተሠርቶ፣ ጨርቁ በጭቃና በጭድ በተለሰነው ግድግዳ ላይ እንደሚለጠፍ በትምህርት አውቀን ነበር። ጨርቁ በሸማኔ የተሠራ ሲሆን ሁለቱ ወርድ የተጋጠሙበት ስፌት በክፈፉ ጠርዝ በድንገት ይቋረጣል። ስለዚህ ይህ ራሱን የቻለ ሥዕል ሳይሆን ከትልቅ ሥዕል የተቆረጠ ቁራጭ ነው። ክፈፉ ሸፍኖት በነበረው በታችኛው ጠርዝ ነጭ ነጠላ የለበሰ የሰው ራስ አለ፤ ከአጠገቡ «ዘከመ ተማኅ» የሚል ተጽፏል፤ ከዚያ በኋላ ያለው በቢላዋ ተቆርጧል። የተቆረጠው የአሠሪው ስም ነው። ቆራጩ ስሙን የተወው ቸኩሎ ይሁን፣ ወይም አገሩ እንዳይታወቅ አስቦ ይሁን፣ አንባቢ ይፍረድ።

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1932 ማርሴል ግሪዮል የመራው የፈረንሳዮች የጥናት ጓድ የጎንደርን የአባ እንጦንስ ቤተ ክርስቲያን ሥዕሎች ከግድግዳው አንሥቶ ወደ ፓሪስ ወሰደ፤ በምትካቸውም ሩ የተባለው ሠዓሊ የሠራቸው ግልባጮች ተለጠፉ። ሥዕሎቹ ዛሬ በኬ ብራንሊ ቤተ መዘክር ይገኛሉ። ስለዚያ ነገር ብዙ መናገር ይቻላል፤ ሆኖም ከጓዱ አንዱ የነበረው ሚሼል ሌሪስ የየዕለቱን ማስታወሻ ጽፎ በ1934 ስላሳተመው፣ ሥዕሎቹ ከየትኛው ቤተ ክርስቲያን እንደ ተወሰዱ ይታወቃል። የእኛን ሥዕል የቆረጠው ሰው ማስታወሻ አልጻፈም።

ለገዢው ወረቀቱን አልፈረምንለትም። ከመካከላችን ሁለቱ ሥዕሉን ለባለሱቁ መልሰን ገንዘባችንን እንቀበል ብለው ነበር፤ ነገር ግን ባለሱቁ ለሌላ ሰው እንደሚሸጠው የታወቀ ነው። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ቅርስ በእጁ የሚገኝ ሰው ማስመዝገብ ስላለበት፣ ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት በጽሑፍ አስታውቀናል። የአውራ ጣቱንና የፈረሱን ዓይን ንድፍም አያይዘናል፤ ግድግዳው ከተገኘ የቀሩት ሥዕሎች ከዚያው እጅ መውጣታቸውን ለማወቅ ይረዳልና። የሠዓሊው ነገር እንግዲህ በዚያ በኩል ካልሆነ በሌላ የሚገኝ አይመስለንም።

በሥዕሉ ቀኝ ጠርዝ አራት ጣት የሚያህል የሰማያዊ ልብስ ዘርፍ ይታያል። ቅዱስ ጊዮርጊስ ብዙ ጊዜ ከእመቤታችን ሥዕል አጠገብ ስለሚሣል፣ ዘርፉ የእርሷ ሳይሆን አይቀርም። ስለዚህ ለበዓል ወይም ለክረምት ወደ አገሩ የሚሄድ ወንድማችን ወይም እኅታችን፣ ቤተ ክርስቲያን ሲሳለም የእመቤታችንን ሥዕል ይመልከትልን። ለተመልካቹ በግራ በኩል የልብሷ ዘርፍ ተቆርጦ፣ ከአጠገቡ ቁመቱ አንድ ሜትር የማይሞላ ባዶ ጭቃ ያየ እንደ ሆነ፣ የደብሩን ስም ጽፎ ለዚህ መጽሔት አዘጋጆች ይስጥልን። ሥዕሉ እስከዚያው ሳይታጠፍ፣ በሰሌዳ ላይ ተዘርግቶ፣ በንጹሕ ጨርቅ ተሸፍኖ ተቀምጧል።