መጸው በጀማ ሸለቆ አፋፍ

ብዙዎቻችን የመስከረምን አበባ አይተን ወራቱን «ጸደይ» እንላለን። በአገራችን አቈጣጠር ግን ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 ያለው ጊዜ መጸው ነው፤ ጸደይ የሚገባው መጋቢት 26 ነው።

እኔ መጸውን ያወቅሁት በሰሜን ሸዋ፣ በጀማ ሸለቆ አፋፍ ላይ ካለው ቤታችን ነው። በጥቅምት ዐደይ አበባው ይረግፋል፤ ሣሩ ይነጣል፤ ደፍርሶ የከረመው ወንዝ ይጠራል። በገደሉ የሚያድረው ጭላዳ ሣሩ ሲደርቅበት ሥር እየቈፈረ ይበላል፤ ሰብል ካገኘም አይምርም። ስለዚህ ታናናሾቼ ወንጭፍ ይዘው ሲጠብቁ ይውላሉ።

ከሁሉ የሚያስፈራው ግን የኅዳር ደመና ነው፤ የታጨደ ጤፍ ዝናብ ከመታው ይበላሻል። ዐምና በኅዳር ከትምህርት ቤት ስመለስ ሰማዩ ጠቍሮ ነበር። አባቴ ጎረቤቱን ሁሉ ጠሩ፤ እናቴ ንፍሮ አቀረቡ፤ እኛም እስከ እኩለ ሌሊት ነዶ እየተሸከምን ከመርን። ክምሩ ተከድኖ ሳያበቃ ጠብታው ጀመረ፤ ጤፉ ግን ተረፈ።

በማግሥቱ የጂኦግራፊ ፈተና ነበረብን፤ እኔ ከክምሩ ሥር ተኝቼ ነበር። መምህራችን የቀረሁበትን ምክንያት ቢጠይቁኝ አፍሬ ዝም ብዬ ነበርና፣ እነሆ መልሱ።