የትኛው አንቀጽ?

«ሴቶች ወደ ፖለቲካ ይምጡ» የሚለውን መፈክር ሰልችቶሽ ይሆናል። ከመፈክሩ ጋር ጠብ የለኝም፤ መጥተሽ ምን እንደምትሠሪ ግን አይነግርሽም። ስለዚህ ከአንድ መዝገብ እንጀምር።

በ1980ዎቹ መጨረሻ አርሲ ውስጥ አንዲት የ14 ዓመት ተማሪ ተጠለፈች። ለማምለጥ ስትሞክር ጠላፊዋን ተኩሳ ገደለች፤ በግድያም ተከሰሰች። ጉዳዩን የያዘላት ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊና ባልደረቦቻቸው ያቋቋሙት፣ ገና ጀማሪ የነበረው የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ነው። ፍርድ ቤቱም ራሷን ስትከላከል ነው ብሎ በነጻ አሰናበታት። ታሪኩ ኋላ «ድፍረት» የተሰኘ ፊልም ወጥቶታል፤ ብዙዎቻችን የምናውቀውም እዚህ ድረስ ያለውን ነው።

እኔን የሚያስደንቀኝ ከዚያ ወዲያ የሆነው ነው። ልጅቷ ነጻ ብትወጣም ሕጉ ንቅንቅ አላለም ነበር። በ1949 የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊው የጠለፋትን ልጅ ካገባት ክሱ ይቀርለታል ይል ነበር። ሽማግሌ ልኮ ማግባት የወንጀለኛ ማምለጫ በር ነበር ማለት ነው! የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግም ሴት ልጅ በ15 ዓመቷ ልትዳር ትችላለች፣ የቤተሰቡ አለቃ ባል ነው ይል ነበር። ሕገ መንግሥቱ በ1987 በአንቀጽ 35 እኩልነትን ከደነገገ በኋላ እንኳ እነዚህ ድንጋጌዎች ለዓመታት አልተነኩም።

ጠበቆቹ ነጻ የሕግ ድጋፍ ፈልገው የሚመጡትን ሴቶች ፍርድ ቤት ቆመው ከመከራከር አልፈው፣ ሴቶቹን የሚያስለቅሳቸው የትኛው አንቀጽ እንደሆነ ነቅሰው አወጡ። ከዚያ መወትወት ነው፦ ስብሰባ፣ ጥናት፣ ሰልፍ፣ ደጅ ጥናት። ማኅበሩ በመሐሉ ታግዶም ያውቃል። በ1992 የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ወጣ፤ የጋብቻ ዕድሜ ለሁለቱም ጾታ 18 ሆነ፣ ባልና ሚስት በቤታቸው አስተዳደር እኩል ሆኑ። ግንቦት 1997 ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ ደግሞ የጠላፊውን በር ዘጋው። ወይዘሮ መዓዛ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት የሆኑት በጥቅምት 2011 ነው። ልብ በይ፣ ሥራው ከወንበሩ ብዙ ዓመት ይቀድማል።

አንቺም ቁጣሽን እስከ ምንጩ ተከተዪው። የሠፈርሽ ትምህርት ቤት የሴቶች መጸዳጃ ውሃ የለውም እንበል። ርእሰ መምህሩ ላይ መጮህ ይቀላል፤ ግን በጀቱን የሚያጸድቀው ማን ነው? የወረዳው ምክር ቤት። የበጀት ዓመቱ የሚጀምረው ሐምሌ 1 ስለሆነ ነሐሴ ላይ አቤት ማለት እንግዳ ከሸኙ በኋላ ቡና እንደማፍላት ነው። ዕቅዱ ሳይታሰር፣ በጋውን፣ ስንት ተማሪ እንደሚቸገር ቆጥረሽ፣ ወላጆችን አስፈርመሽ ሂጂ።

ስብሰባ ላይ ወንዶቹ «አንቺ ቃለ ጉባኤ ያዢ» ይሉሻል። ብዙ እኅቶቼ በዚህ ይቆጣሉ፤ እኔ ግን ያዢው እላለሁ። ምን እንደተወሰነ፣ ማን ቃል ገብቶ እንደቀረ በጽሑፍ ያላት አንቺ ትሆኛለሽ። ለዓመታት ከዚያ ወንበር ካልተነሣሽ ግን ጥፋቱ ያንቺም ነው።

መወዳደሩ ከባድ ከመሰለሽ፣ በምርጫ ሕጉ ለዕጩነት የሚጠየቀው ዕድሜ 21 ነው። ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ በንጉሡ ዘመን ተመርጠው የመጀመሪያዋ የፓርላማ ሴት ሲሆኑ ከፊታቸው አርአያ የሚሆን አንዲት ሴት አልነበረችም። አንቺ አሉሽ።

የወረዳሽ ምክር ቤት ቀጣዩ ጉባኤ መቼ እንደሆነ ታውቂያለሽ? ካላወቅሽ ይህን መጽሐፍ አስቀምጪና ነገ ጠዋት ጽሕፈት ቤቱ ሄደሽ ጠይቂ።