አንድ ምጣድ፣ አራት መብት

ንፋስ ስልክ ላፍቶ፣ ጀሞ አካባቢ ወርክሾፕ ያላት አንዲት ባለሙያ መብራት የሚቆጥብ የኤሌክትሪክ ምጣድ ሠራች እንበል። ጎረቤቶቿ «ሳይቀዱብሽ ቶሎ አስመዝግቢው» ይሏታል። ምክሩ ደግ ነው፤ ግን የምታስመዘግበው ምኑን ነው? ሕጉ ለዚህ ምጣድ እስከ አራት ዓይነት መብት ሊሰጣት ይችላል፤ አገኛኘታቸውም ዕድሜያቸውም ይለያያል።

አሠራሩ

መብራት የቆጠበው ሽቦው የሚቀበርበት ቦይ አዲስ አቀያየስ ከሆነ፣ ጉዳዩ በአዋጅ ቁጥር 123/1987 ይታያል። በዓለም አዲስ፣ ለሙያው ሰው በቀላሉ የማይታሰብና በሥራ ላይ የሚውል ፈጠራ ፓተንት ያገኛል። ጥበቃው 15 ዓመት ነው፤ ፈጠራው አገር ውስጥ በአግባቡ እየተሠራበት መሆኑ ከታየ 5 ዓመት ይጨመርለታል። ማሻሻያው አነስ ያለ ከሆነ የግልጋሎት ሞዴል ሰርተፍኬት አለ፤ እሱም 5 ዓመት ያገለግልና ለሌላ 5 ዓመት ይታደሳል።

መልኩ

የክዳኑና የእግሩ ቅርጽ ለዓይን አዲስ ከሆነ ኢንዱስትሪያዊ ንድፍ ተብሎ በዚያው አዋጅ ይመዘገባል። ዘመኑ 5 ዓመት ሲሆን ሁለት ጊዜ ይታደሳል።

ስሙ

የምጣዱ መለያ ስምና አርማ በአዋጅ ቁጥር 501/1998 የንግድ ምልክት ይባላል። በየ7 ዓመቱ እስከታደሰ ድረስ ማብቂያ የለውም። «ምጣድ» የሚለውን ቃል ብቻውን ግን ማንም የግሉ አያደርገውም፤ የሁሉም ነጋዴ ነውና።

እዚህ የተመዘገበ ምልክት ድንበር ተሻግሮ አይከላከልም። ኢትዮጵያ በ1997 ዓ.ም. ይርጋጨፌ፣ ሲዳሞና ሐረር የሚሉትን የቡና ስሞች አሜሪካ ድረስ ሄዳ ለማስመዝገብ ያመለከተችው ለዚህ ነው። ከስታርባክስ ጋር የተነሣው ውዝግብም በ1999 ዓ.ም. በስምምነት ተቋጨ።

ጽሑፉና ዜማው

የአጠቃቀም መመሪያው፣ ፎቶውና የማስታወቂያው ዜማ በአዋጅ ቁጥር 410/1996 የቅጅ መብት አላቸው። ይህ መብት ምዝገባ አይጠብቅም፤ ሥራው ወጥ ሆኖ በወረቀት ወይም በቅጂ ከሰፈረበት ሰዓት ይጀምራል። ጽሑፉና ዜማው ደራሲው በሕይወት እስካለ፣ ከሞተም በኋላ 50 ዓመት ይጠበቃሉ፤ የፎቶው ዘመን አጭር ነው፣ 25 ዓመት። በጭንቅላት ያለ ሐሳብ ግን አይጠበቅም፤ መመሪያዋን ያነበበ ሰው ያንኑ ነገር በራሱ ቃል ቢጽፍ አትከሰውም።

ማንም የማይወስደው

እናቶቻችን ሲጋግሩበት የኖሩትን ምጣድ አስመስሎ ሠርቶ «ፈጠራዬ ነው» ማለት አያስኬድም። አንድ የሆላንድ ኩባንያ በጤፍ ዱቄት አዘገጃጀት ላይ ፓተንት ይዞ ነበር፤ የሄግ ፍርድ ቤት በኅዳር 2011 ዓ.ም. የፈጠራ ብቃት የለውም ብሎ ሰረዘው።

እንግዲህ ምን ታድርግ?

ምጣዷን ባዛር ላይ ከማውጣቷ በፊት የአሠራሩንና የቅርጹን ማመልከቻ ለኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ታስገባ፤ ቀድሞ የታየ ነገር አዲስነቱ ያከራክራል። ስሙን ከማሳተሟ በፊትም ሌላ ሰው እንዳልያዘው ታጣራ። ለመመሪያውና ለዜማው ረቂቁን ከነቀኑ ማስቀመጥ ይበቃታል፤ ክርክር ቢነሣ ማስረጃዋ እሱ ነው።