ለብሮከርነት ኮርስ ከመክፈልሽ በፊት

የኔ እህት፣ ካርድሽን ወደ ቦርሳሽ መልሺው። በጥቂት ሳምንት ብሮከር እናደርግሻለን የሚለው ኮርስ ያን ሁሉ ዶላር ተቀብሎ ሰርተፍኬት ይሰጥሻል፤ ሰርተፍኬቱን ግን ማንም አይጠይቅሽም። የጭነት ብሮከር ለመሆን የፌዴራሉ ሕግ ፈተናም ዲፕሎማም አያስገድድም። ፈቃድ ሰጪው ኤፍኤምሲኤስኤ በዋናነት የሚፈልገው የ300 ዶላር ማመልከቻ፣ በየስቴቱ የፍርድ ቤት መጥሪያ የሚቀበልልሽ ወኪልና የ75 ሺህ ዶላር ቦንድ ነው። ቦንዱ እስከ 2013 ድረስ 10 ሺህ ነበር። 75 ሺውን በሙሉ ከኪስሽ አታወጪም፤ ለቦንድ ድርጅቱ በክሬዲትሽ ልክ በየዓመቱ ትከፍያለሽ። ለባለ መኪና ሳትከፍዪ ቀርተሽ ድርጅቱ ቢከፍልልሽ ግን ዞሮ የሚጠይቀው አንቺኑ ነው።

የሌሊት ሺፍቱ ጉልበትሽን እየጨረሰው እንደሆነ አያለሁ፤ ከሆቴል ሥራ ልውጣ ማለትሽን ከልቤ እደግፋለሁ። የምልሽ መጀመሪያ በሌላ ብሮከር ፈቃድ ሥር ሥሪ ነው፤ ወይ ቢሮ ተቀጠሪ፣ ወይ ኤጀንት ሁኚ፣ ቢያንስ ለአንድ ዓመት። ቦንዱም ሂሳቡም የእነሱ ይሆናል፤ አንቺ ከትርፉ ድርሻሽን እየወሰድሽ ስልክ መደወልና ዋጋ መቁረጥ ትማሪያለሽ።

ለዘመድ መኪና ሎድ ስትፈልጊ ስለቆየሽ ግማሹን የምታውቂው ይመስልሻል። እሱ ዲስፓች ነው። ዲስፓቸር የባለ መኪናው ወገን ነው፤ ብሮከር ደግሞ በባለ ዕቃውና በባለ መኪናው መካከል ይቆማል። ኤፍኤምሲኤስኤ በ2023 ይህንኑ ልዩነት የሚያብራራ መመሪያ አውጥቷል፤ ያለ ፈቃድ የብሮከር ሥራ መሥራት ያስቀጣል፣ ቅጣቱም በሺዎች ዶላር ነው። ባለ ዕቃ ደውሎ «መኪና ፈልጊልኝ፣ ኮሚሽን አለሽ» ቢልሽ ፈቃድ ሳይኖርሽ እሺ እንዳትዪ።

ባለ መኪና አታጪም። ከታክሲ ወጥተው ሲዲኤል (የንግድ መኪና መንጃ ፈቃድ) ያወጡ ስንት ወንድሞች አሉን! የሚቸግርሽ ዕቃ የሚያስጭነው ነው። በኖርዝ ላስ ቬጋስ መጋዘኖች ያሉትን አንድ በአንድ መደወል ይኖርብሻል፤ ብዙዎቹ «ብሮከር አለን» ብለው ይዘጉብሻል። በሳምንቱ መልሰሽ ትደውያለሽ።

ከተማችንን ላስ ቬጋስንም እወቂያት። ሆቴሉና ካሲኖው የሚፈልገው ዕቃ በአይ-15 ከሎስ አንጀለስ በኩል ይጎርፋል፤ ከዚህ ተጭኖ የሚወጣው ግን ጥቂት ነው። ስለዚህ አራግፎ የጨረሰ ሾፌር 270 ማይሉን ባዶውን ከመመለስ ብሎ በርካሽ ይጭናል፤ ወደዚህ ለሚመጣው ጭነት ግን ውድ ይጠይቅሻል። የመምጫውንና የመመለሻውን ዋጋ አንድ አድርገሽ ለባለ ዕቃ ከሰጠሽ ኪሳራው ያንቺ ነው። በጃንዋሪ የሲኢኤስ፣ በኖቬምበር የሴማ የንግድ ትርኢት ሲዘጋ ደግሞ ሁሉም መኪና የሚፈልገው በአንድ ቀን ነው፤ ሾፌሩ ተራ ሲጠብቅ ሰዓታት ያልፋሉ። የዚያን ጥበቃ ክፍያ ማን እንደሚችል መኪናው ሳይነሳ ሬት ኮንፈርሜሽኑ (የዋጋ ስምምነቱ) ላይ አጽፊው።

ሌብነቱ በርትቷል። አንዱ የሌላ ባለ መኪና የፈቃድ ቁጥር ይዞ ይደውልሻል፣ ጭነቱን ይቀበልና ለሌላ መኪና አሳልፎ ሰጥቶ ገንዘቡን ይዞ ይጠፋል። በደወለልሽ ስልክ አትመኚ፤ ኤፍኤምሲኤስኤ መዝገብ ላይ ባለው ቁጥር ራስሽ ደውዪ። ኢንሹራንሱን ከኢንሹራንስ ኤጀንቱ በቀጥታ አስልኪ። ዕቃው ሲጫን በመኪናው በር ላይ የተጻፈውን ስም በፎቶ እዪ፤ ከያዝሽው ስም ጋር ካልገጠመ ጭነቱን አስቁሚ፣ ባለ ዕቃው ቢቆጣም።

ከሁሉ በላይ ግን ገንዘቡን አስቢ። መርካቶ ያለ ደላላ አገናኝቶ ኮሚሽኑን ተቀብሎ ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ እዚህ ግን የጭነቱ ሂሳብ በአንቺ እጅ ያልፋል። ባለ ዕቃው 1,100 ዶላር ሊከፍልሽ፣ አንቺ ለባለ መኪናው 950 ልትከፍዪ ተስማማሽ እንበል፤ ያንቺ 150 ናት። ባለ መኪናው በ30 ቀን ይጠብቃል፣ ባለ ዕቃው በ45 ቀን ይከፍላል። በሳምንት 10 ጭነት ካለሽ በመካከል ባሉት 15 ቀናት ከ20 ሺህ ዶላር በላይ ከራስሽ ማውጣት አለብሽ። ባለ ዕቃው ቢከስር እንኳ «አልተከፈለኝም» ብለሽ ባለ መኪናውን አትመልሺውም። የእያንዳንዱን ጭነት መዝገብ ሦስት ዓመት ማስቀመጥ ግዴታሽ ነው፤ ባለ መኪናውም የራሱን ጭነት መዝገብ የማየት መብት በደንቡ አለው። ስለዚህ ልታሳዪው የምታፍሪበትን ትርፍ አትያዢ።

ባንክሽ ውስጥ ያን የ15 ቀን ክፍተት የሚሸፍን ገንዘብ እስኪኖርሽ ድረስ የራስሽን ፈቃድ አታውጪ።