ቆሽት ሲታመም ሰገራ የሚናገረው

ሰው ስለ ራስ ምታቱ፥ ስለ ጥርሱና ስለ ዐይኑ ለሐኪም ሲናገር አያፍርም፤ ስለ ሰገራው ሲጠየቅ ግን አንገቱን ይደፋል። ነውር መስሎት «ሆዴን ያመኛል» ብቻ ብሎ ይወጣል። ይሁን እንጂ አንዳንዱ የሆድ ዕቃ ሕመም ራሱን የሚገልጠው በዚሁ በምናፍርበት ነገር ላይ ነው። ከነዚህም አንዱ የቆሽት በሽታ ነው። ስለዚህ የቆሽት ሥራ ምን እንደ ሆነ፥ ሲታመምም የምግብ መፈጨትና የሰገራ መልክ ስለ ምን እንደሚለወጡ ከዚህ ቀጥለን በአጭሩ ለማስረዳት እንሞክራለን።

በአማርኛችን የቆሽት ስም የሚነሣው በንዴት ጊዜ ነው፤ «ቆሽቴ አረረ» እንላለን። ስሙን ከመጥራት አልፈን ሥራውን የምናውቅ ግን ጥቂቶች ነን። ቆሽት ከጨጓራ በስተኋላ ተጋድሞ የሚገኝ፥ ርዝመቱ 15 ሳንቲ ሜትር ያህል የሆነ ዕጢ ነው። ሥራውም ሁለት ነው። አንደኛው ኢንሱሊንንና የመሳሰሉትን ሆርሞኖች ወደ ደም ማስገባት ነው፤ ኢንሱሊን ሲጓደል የስኳር በሽታ ይመጣል። ሁለተኛው በቀን ከ1 ሊትር የሚበልጥ የመፍጫ ፈሳሽ እያመነጨ በቧንቧ ወደ ቀጭኑ አንጀት መጀመሪያ መላክ ነው። በፈሳሹ ውስጥ ኢንዛይም የሚባሉ ምግብ ፈጪዎች አሉ፤ አሚሌዝ ስታርችን፥ ትሪፕሲን ፕሮቲንን፥ ላይፔዝ ደግሞ ስብን ይፈጫሉ። ቆሽት ለስብ መፈጨት አስፈላጊ መሆኑን በሙከራ ያስረዳው ፈረንሳዊው ሊቅ ክሎድ ቤርናር ሲሆን፥ ሰፊ ጥናቱ እ.ኤ.አ. በ1856 ታትሟል።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ይነሣል። ሥጋ የሚፈጭ ፈሳሽ በውስጡ እያለ ቆሽት ራሱ ስለ ምን አይፈጭም? መልሱ ይህ ነው፤ ፕሮቲን ፈጪዎቹ ኢንዛይሞች ከቆሽት የሚወጡት ገና ሥራ ሳይጀምሩ ነው፤ ሥራቸውን የሚጀምሩት አንጀት ከደረሱ በኋላ ነው። ይህ ሥርዐት ተበላሽቶ እዚያው ቆሽት ውስጥ ሥራ ከጀመሩ ግን ዕጢው ራሱን መፍጨት ይይዛል። የቆሽት ብግነት ማለት በአጭሩ ይህ ነው፤ ሐሳቡንም እ.ኤ.አ. በ1896 ሐንስ ኪያሪ የተባለ ሐኪም አቅርቦታል። ዋነኞቹ መነሻዎች ቧንቧውን የሚዘጋ የሐሞት ጠጠርና የአልኮል መጠጥ ናቸው፤ ትምባሆም ያባብሰዋል። ወስፋት በሚበዛበት አገር ደግሞ ትሉ ወደ ቧንቧው ገብቶ የሚዘጋበት ጊዜ አለ።

ብግነቱ ሁለት ዐይነት ነው። ድንገተኛው ከእምብርት በላይ ተነሥቶ ወደ ጀርባ የሚዘልቅ ጽኑ ሕመምና ትውከት ያስከትላል፤ ለሕይወት ስለሚያሰጋ በሽተኛው የሰገራውን መልክ ሳይጠብቅ ወዲያው ሆስፒታል መድረስ አለበት። ሥር የሰደደው ግን ዓመታት እየፈጀ ዕጢውን ጠባሳ ያደርገዋል። ሰገራን የሚለውጠው ይበልጡን ይኸኛው ነው።

ላይፔዝ ሲያንስ የተበላው ስብ ሳይፈጭ ያልፋል። ሰገራውም የገረጣ፥ የበዛ፥ ቅባት ያለው፥ ሽታው የከፋ፥ ውሃ ቢደፉበትም በቀላሉ የማይለቅ ይሆናል፤ አንዳንዴም የዘይት ጠብታ ይታይበታል። ልብ ሊባል የሚገባው፥ እ.ኤ.አ. በ1973 የወጣ ጥናት እንዳሳየው፥ ስቡ በሰገራ የሚበዛው የላይፔዝ መጠን ከጤነኛው 10 በመቶ በታች ሲወርድ መሆኑ ነው። እንግዲህ ምልክቱ ሲታይ ቆሽት እጅግ ተጎድቷል ማለት ነው። ከስቡም ጋር ቪታሚን ኤ፥ ዲ፥ ኢ እና ኬ አብረው ይባክናሉ፤ በዚህ የተነሣ ዳፍንት፥ የአጥንት መሳሳትና የደም ቶሎ አለመርጋት ሊመጡ ይችላሉ። በሽተኛው እየበላ ይከሳል፤ ጎረቤትም የመሰለውን ያወራበታል።

ነገር ግን መልክ አይቶ መፍረድ ያሳስታል። ሰገራ በውሃ ላይ መንሳፈፉ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ እ.ኤ.አ. በ1972 የተደረገ ምርመራ የሚያንሳፍፈው በአብዛኛው በውስጡ ያለው አየር መሆኑን አሳይቷል። ጃርዲያም ቅባታም ሰገራ ያመጣል። ሰገራው እንደ ነጭ ጭቃ ሆኖ ዐይን ቢጫ ከሆነና ሽንት ከጠቆረ የሐሞት መንገድ ተዘግቶ ይሆናል፤ ያበጠ ቆሽትም ይህን ሊያደርግ ይችላል። እንደ ሬንጅ የጠቆረና የሚያጣብቅ ሰገራ ግን ደም መፍሰሱን ሊያመለክት ስለሚችል ፈጥኖ መታየት አለበት። ስለዚህ በግምት የጃርዲያ ክኒን ደጋግሞ መዋጥ ጊዜ ማባከን ነው። ኤላስቴዝ የሚባለውን የቆሽት ኢንዛይም በሰገራ ውስጥ የሚለካ ምርመራ አለ፤ በ1 ግራም ከ200 ማይክሮግራም በታች ከሆነ ቆሽት መድከሙን ይጠቁማል።

የጎደለው ኢንዛይም በክኒን መልክ ከምግብ ጋር ይወሰዳል። መጠጥና ትምባሆ ፈጽሞ መተው አለባቸው። በጾም ወራት ሥጋና ቅቤ ስለ ቀሩ መድኃኒቱም የሚቀር የሚመስለው ሰው ቢኖር ዘይትም ስብ መሆኑን ያስታውስ። መድኃኒቱ ከአሳማ ቆሽት የሚዘጋጅ በመሆኑ በአገራችን ለክርስቲያኑም ለሙስሊሙም የኅሊና ጥያቄ ሊያስነሣ ይችላል፤ ይህንንም ከሐኪምና ከሃይማኖት አባት ጋር በግልጽ መነጋገር እንጂ በዝምታ ክኒኑን ማቋረጥ አይገባም።

ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ሆይ! አባቶቻችን «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ብለዋል። የጠባሰው ቆሽት ወደ ቀድሞው አይመለስም፤ የቀረውን ማትረፍ ግን ይቻላል። ለዕረፍት ወደየቤታችን ስንሄድ እየበላ የሚከሳ ዘመድ ብናገኝ፥ ሳናፍር እንጠይቀው፤ እርሱም ሳያፍር ለሐኪሙ እንዲናገር እንምከረው። የተማርነው ትምህርት ለወገን የሚጠቅመው እንዲህ ባለው ጊዜ ነው።